የዘገየው ጣታቸው አልነበረም

የመምህራኑ አካውንት ሁሉ በባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ስልክ ላይ የሚወጣ ኮድ በሚጠይቀው) ብቻ እንዲከፈት የተደረገው ውጤት በሚገባበት ሳምንት ነው። ያ ሳምንት መመረጥ አልነበረበትም። አይሲቲ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው ኮዱን የሚያወጣውን አፕ፣ አውቴንቲኬተሩን ጭኖ፣ ኪውአሩን ስካን አድርጎ፣ የወጣለትን ስድስት አኃዝ አስገብቶ፣ ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግሉትን አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች አሳትሞ በአምስት ደቂቃ ይወጣል።

አንድ አንጋፋ መምህር ግን ሦስት ቀን ተመላለሱ። ስካኑ ይሠራል፣ ኮዱ ይወጣል፣ በየ30 ሴኮንዱም ይቀየራል። ሲያስገቡት ግን «የተሳሳተ ኮድ» ይላቸዋል። ሄልፕ ዴስክ ላይ ያለው ልጅ በመጀመሪያው ቀን አካውንቱን ሪሴት አደረገው። በማግስቱ አፑን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ኪውአር በራሱ ስልክ ስካን አድርጎ ሞከረና ወዲያው ገባለት።

«ዶክተር፣ ሲስተሙ ምንም አልሆነም። ኮዱ ሳይቀየር ቶሎ ቶሎ ያስገቡት።»

«እሺ ልጄ፣ እስቲ ልድገመው።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የኮዱን ቀሪ ጊዜ የምታሳየው ክብ አልቃ እንደ አዲስ እስክትጀምር ጠበቁና ቁጥሩን ጮክ ብለው እየጠሩ ነኩት። አሥር ሴኮንድ እንኳ አልፈጀባቸውም። እንቢ አለ። ደገሙት፤ አሁንም እንቢ። ስንት ዘመን የተማሪ ጥናት ሲያርሙ የኖሩ ሰው፣ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ፊት ጣታቸውን ሲያለማምዱ ማየት ያማል።

የኔትወርክ ክፍሏ ልጅ ወረቀት ልትወስድ ገብታ ነበር። ጎንበስ ብላ ስልኩን አየችው።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ስንት ሰዓት ይላል?»

«አራት ከሩብ ነዋ። ልክ ነው እኮ።»

ልክ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ከሩብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ግን 10:15 ይላል። መምህሩ ስልኩን በአበሻ ሰዓት ለማንበብ በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሰውታል። ብዙ ሰው ይህንን ያደርጋል።

ኮዱ የሚሰላው ከሁለት ነገር ነው፦ ኪውአሩ ውስጥ ካለው ምስጢራዊ ቁልፍና ከስልኩ ሰዓት። አፑ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በግሪኒች አቆጣጠር ያለፈውን ሴኮንድ ወስዶ ለ30 ያካፍላል። ታይም ዞን (የአገሩ የሰዓት ክልል) ብቻ ቢቀየር ስሌቱ አይነካም። ታይም ዞኑ የአዲስ አበባ ሆኖ ሰዓቱ በእጅ ሲመለስ ግን ስልኩ የእውነት ከስድስት ሰዓት በፊት ያለ ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ማለት 720 ኮድ ወደኋላ ነው፤ ኮዱን የሚያመሳክረው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ የሚታገሠው አንድ ወይም ሁለት ኮድ ነው። ቴሌግራሙም ብራውዘሩም ያለ ችግር ስለሚሠሩ ሰዓቱን የሚጠረጥር የለም።

ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት ገብታ፣ ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲስተካከል አደረገችው። በአበሻ ሰዓት ማንበባቸውንም አላስቀረችባቸውም። ታይም ዞን በራሱ መስተካከሉን ብቻ አጠፋችና ከግሪኒች ሦስት ሰዓት ወደኋላ የሆነውን ቦነስ አይረስን መረጠች፤ አቆጣጠሩንም ባለ 12 ሰዓት አደረገችው። ስልኩ 4:15 ይላል፣ የውስጥ ሰዓቱ ግን ትክክለኛ ነው። ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መሆኑንና ካላንደር ላይ ያለ ቀጠሮም በዚያው ልክ ተቀንሶ እንደሚታይ ነገረቻቸው።

ልጁ በራሱ ስልክ መሞከሩ መልሱን በእጁ አስገብቶለት ነበር። አንድ ኪውአር ስካን ያደረጉ ሁለት ስልኮች በአንድ ሴኮንድ አንድ ዓይነት ስድስት አኃዝ ማሳየት አለባቸው። ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያያቸው ኖሮ ቁጥሩ እንደሚለያይ ያይ ነበር፤ ቁልፉ አንድ ሆኖ ኮዱ ከተለያየ ደግሞ የቀረው ሰዓት ብቻ ነው።

ሙከራው ሌላ ጣጣም ነበረው፤ የመምህሩ ቁልፍ የልጁ ስልክ ላይ ቀርቷል። እሱ ከአፑ ላይ ሊሰርዘው ሲል አስቆመችው። መሰረዙን ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ ኪውአሩን ፎቶ ያነሳ ወይም ስካን ያደረገ ሰው ቁልፉ እስካልተቀየረ ድረስ ኮድ ማውጣት ይችላል። አካውንቱ ላይ የነበረውን ማረጋገጫ አሰርዛ አዲስ ኪውአር አስወጣች፤ በመምህሩ ስልክ ብቻ ስካን ተደረገ።

መምህሩ አዲሱን ኮድ አንድ በአንድ፣ በዝግታ ነኩት። ተከፈተ። «እንግዲህ ፍጥነቴ አልነበረም» አሉና ልጁን ቀና ብለው አዩት። እሱ ቀጣዩን ተረኛ እየጠራ ነበር።