ለጀማሪውም ለጎበዙም የሚሆን ባሕር

ድሬዳዋ ለእረፍት ስገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሥራዬ አይደለም፤ ስለ ባሕሩ ነው። በምኖርበት በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ሰርፊንግ፣ ማለትም በቦርድ ማዕበል ላይ ቆሞ መንሸራተት፣ እወዳለሁ፤ እንዲያ ማዕበል ላይ ቆሜ የተነሳሁት ፎቶ በቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ዞሯል። ዘንድሮም ከዚራ ሰፈር፣ አጎቴ በረንዳ ላይ፣ ፈጢራና ሻይ ቀርቦ ጥያቄው ተጀመረ።

አጎቴ በድሮው ባቡር ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። «እኔ የማውቀው ባሕር ጸጥ ያለ ነው። ሰው የሚቆምበት ማዕበል ከየት መጣ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጅቡቲ ከተማ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ስለሆነች ትልቅ ማዕበል እምብዛም አይደርስባትም። እኔ የምገባበት የኬፕታውኑ ዳርቻ ሙዘንበርግ ግን ወደ ደቡብ በተከፈተው በፎልስ ቤይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። በአንታርክቲካ አቅጣጫ አውሎ ነፋስ የቀሰቀሰው ማዕበል ብዙ ርቀት ተጉዞ እዚያ ይደርሳል።

ይህን ዳርቻ የምወደው ሁሉንም ስለሚያስተናግድ ነው። ሥሩ አሸዋ ነው፤ የሚጠልቀውም ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ ድንገት አይደረመስም፤ ከአናቱ ጀምሮ በዝግታ ይፈርሳል። ጀማሪው እስከ ወገቡ ገብቶ፣ ረጅምና ለስላሳ ቦርድ ይዞ፣ ፈርሶ የሚመጣውን ነጭ አረፋ ይጠብቃል። ትንሽ የለመደው አልፎ ሄዶ ገና ያልፈረሰውን ይሞክራል። ጎበዙ ደግሞ ትልልቁ በሚመጣበት ቀን ከሁሉም ርቆ ይቀመጣል። ሕፃንና ጡረተኛ በአንድ ጠዋት እዚያው ውሃ ውስጥ ናቸው። ሰው አገር ስትኖር ማንም ወረቀት የማይጠይቅህ ቦታ ብርቅ ነው።

አሸዋው ግን ቦታ ይቀያይራል፤ የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ጎርፍ ባለፈበት ቁጥር መልኩ እንደሚለወጠው። ትናንት ማዕበሉ የፈረሰበት ቦታ ዛሬ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከመግባቴ በፊት ዳር ቆሜ የማየው። ነፋሱንም አያለሁ። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የማዕበሉን ፊት ያስተካክለዋል። እኛ ገናና ጥምቀት በምናከብርበት ሰሞን ደግሞ ደቡብ ምሥራቁ ይበረታና ውሃውን ያተራምሰዋል፤ ያኔ ማለዳ መግባት ይሻላል። በሰኔ ድሬ በሙቀት ስትነድ እዚያ ክረምት ነው። ወፍራም የጎማ ልብስ ካልለበስክ ብዙ አትቆይም።

እናቴን ይህ ሁሉ አላረካትም። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ በዓይኗ ያየች ሰው ናት። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ውሃ ለእሷ መጫወቻ አይሆንም። «ቢወስድህስ?» አለችኝ። መልሱን ሳልቸኩል ነገርኳት። በሚፈርሱት ማዕበሎች መካከል ረጋ ያለ መስመር ካየሁ እርቀዋለሁ፤ ዳር የተከማቸው ውሃ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያ ነው። ከያዘህ ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገለውም። ዳርቻውን ተከትለህ ወደ ጎን ትሄድና ከሱ ስትወጣ ትመለሳለህ። ቦርዱንም አትለቅም፤ በእግርህ በገመድ የታሰረው አንሳፍፎ ስለሚይዝህ ነው።

የእህቴ ልጅ ስለ ሻርክ ጠየቀ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ከተራራው ላይ ሆነው ባሕሩን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሻርክ ካዩ ሳይረን ይጮኻል፣ የሻርክ ሥዕል ያለበት ነጭ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ሁሉም ሰው ይወጣል።

ልጁ ሊጠይቀኝ ሊመጣ አስቧል። እናቴ ዋና ሳይችል አይሄድም ብላለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የዋና ትምህርቱን ክፍያ አጎቴ ሊችሉለት ቃል ገብተዋል።