የማትቸኩለዋ ሱሲ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማየው የሱሲ ሱሳንቲን የድሮ የባድሚንተን ጨዋታዎች ነው። ቪዲዮዎቹ አርጅተዋል፤ ላባዋ ኳስ አንዳንዴ ጭራሽ አትታይም። የት እንዳለች የማውቀው ከሱሲ እግር ነው። እግሯ ወደ ሄደበት አያለሁ፣ ኳሷም እዚያው ትወርዳለች። ይቺ ኢንዶኔዥያዊት ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለችኝ ስለ እሷ ልጽፍ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ስለ አቆጣጠሩ ልበል፤ ያለ እሱ ሱሲን መረዳት ይከብዳል። ዛሬ በባድሚንተን ምልልሱን ያሸነፈ ሁሉ ነጥብ ያገኛል፤ ጌሙም (የግጥሚያው አንዱ ዙር) በ21 ያልቃል። ያኔ ነጥብ የሚቆጠረው ሰርቭ ላደረገው፣ ማለትም ምልልሱን በመጀመሪያ ምት ለከፈተው፣ ብቻ ነበር። ተቀባዩ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰርቩን ነው፤ ነጥብ የለም። የሴቶች ነጠላ ጌም በ11፣ መጨረሻው ላይ እኩል ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ በ12 ያልቅ ነበር። 11 ሲባል አጭር ይመስላል። ግን ሁለት እኩያ ተጫዋቾች ሲገናኙ ሰርቩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይመላለሳል፣ ላብ ይፈሳል፣ ሰሌዳው ግን ንቅንቅ አይልም።

ሕጉ ለሱሲ ተብሎ የወጣ ይመስላል። ቁመቷ አጭር ነው። በስማሽ፣ ከላይ ወደ ታች በኃይል በሚመታው ኳስ፣ የምትታወቅም አልነበረችም። ዋናው መሣሪያዋ ከፍ አድርጋ ወደ ኋላ ጥግ የምትልካት ኳስ ናት። ወደ ቀኝ ጥግ፣ ወደ ግራ ጥግ፣ ከዚያ ድንገት መረቡ ሥር። ደግሞ ወደ ኋላ። ተጋጣሚዋ ትሮጣለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ሲደክማት የምትመልሳት ኳስ ታጥራለች። ሱሲ ስትጠብቅ የቆየችው ያቺን አጭር ኳስ ነው። እሷ ራሷ ደግሞ የማትደርስበት ጥግ የለም። መረቡ ሥር የወረደችውን ለማንሳት እግሮቿን እንደ ጂምናስቲክ ሠሪ ዘርግታ መሬት ልትነካ ትደርሳለች። ወዲያው መሃል ቦታዋ ላይ ቆማ ታገኟታላችሁ። እንዴት እንደምትነሳ ደጋግሜ አየሁት፤ አሁንም ይገርመኛል።

የተወለደችው በ1971 ምዕራብ ጃቫ ውስጥ፣ ታሲክማላያ ከተማ ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ራኬት የያዘችው በአጎቷ ክለብ ነው። ገና በ14 ዓመቷ ከቤተሰቧ ተለይታ ጃካርታ ገባች፤ ጃያ ራያ የሚባለው ክለብ ውስጥ ሥልጠና ጀመረች። በዚያ ዕድሜ ከቤት መውጣት ቀላል አይደለም። ያ ሁሉ ትዕግሥት ከየት መጣ ስል፣ አንዱ ምንጭ እዚያ ይመስለኛል።

ደጋግሜ የማስበው የ1989ኙን የሱዲርማን ካፕ ነው። የወንድና ሴት ድብልቅ ቡድኖች የዓለም ዋንጫ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አዘጋጇ ጃካርታ ነበረች። በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያ ከአምስቱ ግጥሚያዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወሰደች። 2 ለ 0። ዋንጫውን ለመውሰድ አንድ ድል ብቻ ቀርቷታል። በሦስተኛው የምትገባው የ18 ዓመቷ ሱሲ ናት፤ ተጋጣሚዋ ሊ ዮንግ ሱክ። የመጀመሪያውን ጌም ሱሲ 12 ለ 10 ተሸነፈች። በሁለተኛውም አፋፍ ላይ ደርሳ ነበር። በገዛ ሕዝቧ ፊት፣ ሁሉም ነገር አልቋል በተባለበት ሰዓት፣ አልቸኮለችም። ኳሷን ወደ ኋላ ጥግ መላኳን ቀጠለች። ሁለተኛውን 12 ለ 10 ወሰደች። ሦስተኛውን 11 ለ 0! ተጋጣሚዋ አንድም ነጥብ አላገኘችም። ከዚያ በኋላ ኢንዶኔዥያ የቀሩትን ሁለት ግጥሚያዎች አሸንፋ ዋንጫውን 3 ለ 2 ወሰደች። ያቺ አገር ሱዲርማን ካፕን ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ድል በሙሉ ብዘረዝር አይነጋልኝም። በባድሚንተን ዓለም ትልቅ ክብር ያለውን ኦል ኢንግላንድን አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1990፣ 1991፣ 1993 እና 1994። በ1993 በርሚንግሃም ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ባርሴሎና ግን ይለያል። ባድሚንተን በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር የሆነው በ1992 ነው። ኢንዶኔዥያ እስከዚያ ድረስ አንድም የኦሎምፒክ ወርቅ አልነበራትም። ነሐሴ 4 ቀን ሱሲ በፍጻሜው ከኮሪያዋ ባንግ ሱ ህዩን ጋር ገባች። የመጀመሪያውን ጌም 11 ለ 5 ተሸነፈች። ቀጣዮቹን 11 ለ 5 እና 11 ለ 3 አሸነፈች። የአገሪቱ የመጀመሪያ ወርቅ! በዚያው ቀን የወንዶቹን ነጠላ እጮኛዋ አላን ቡዲኩሱማ አሸነፈ፤ በፍጻሜው የገጠመውም ያገሩን ልጅ አርዲ ዊራናታን ነበር። ሱሲ ሜዳሊያዋን አጥልቃ መዝሙር ሲዘመር እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያንን ምስል የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያቺን ሳምንት እኛም አንረሳትም። ከሱሲ ወርቅ ሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 7፣ በዚያችው ባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትርን አሸነፈች። የደራርቱን እያሰብኩ የሱሲን እንባ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። አንድ ከተማ፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆች፣ ሁለት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጮሁ አገሮች።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ ወርቁ አይደለም። ወረቀቱ ነው።

ሱሲ ቻይናዊ የዘር ሐረግ ያላት ኢንዶኔዥያዊት ናት። አላንም እንደዚያው። አገሪቱን ይገዛ በነበረው በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ዘመን እንደነሱ ያሉ ዜጎች አገሪቱ ውስጥ ተወልደው እንኳ «የዜግነት ማረጋገጫ» የሚባል ደብዳቤ ይጠየቁ ነበር። መታወቂያ ለማውጣት፣ ፓስፖርት ለማውጣት፣ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ። ጎረቤትህ የማይጠየቀውን አንተ ትጠየቃለህ። በ1996 ደብዳቤው ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል የፕሬዚዳንት ድንጋጌ ወጣ። ቢሮዎቹ ግን መጠየቃቸውን አላቆሙም። በባርሴሎና ሁለት ወርቅ ያመጡት እነዚህ ሁለት ሰዎችም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም።

ይህ ያናድደኛል። ባንዲራ ተሰቅሎ ሲያለቅሱ «ልጆቻችን» ነበሩ። መስኮቱ ጋ ሲቆሙ ግን ማስረጃ አምጡ።

በእነሱ ብቻ የደረሰም አይደለም። ሄንድራዋን የሚባለው ተጫዋች በ2000 ለኢንዶኔዥያ የኦሎምፒክ ብር አምጥቶ፣ በ2001 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ የዜግነት ጉዳዩ የተፈታለት በ2002 ነው። አሠልጣኙ ቶንግ ሲን ፉ ደግሞ እዚያው ኢንዶኔዥያ ተወልዷል፤ አላንን ጨምሮ የዚያን ዘመን ታላላቅ ወንዶች አሠልጥኗል። ዜግነት ጠይቆ ተከለከለና በ1998 ወደ ቻይና ሄደ። እዚያ ካፈራቸው አንዱ የሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ ሊን ዳን ነው። ባድሚንተን የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ኢንዶኔዥያ ምን እንዳጣች ወዲያው ይገባዋል።

በ1998 ግንቦት ላይ ጃካርታ ነደደች። የቻይና ዝርያ ያላቸው ሰዎች ሱቆችና ቤቶች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ወር የቶማስና የኡበር ካፕ፣ የወንዶችና የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ውድድር፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ነበር። ሱሲ እዚያ ነበረች። የአገሯን ስም ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ወገኖቿ በአገር ቤት ምን ላይ እንዳሉ እያሰበች ተጫወተች። ወንዶቹ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ እንደ እሷ የቻይና ዝርያ ያላቸው፣ የቶማስን ዋንጫ አነሱ። ሴቶቹ እስከ ፍጻሜ ደርሰው በቻይና ተሸነፉ። ሱሃርቶ ከሥልጣን የወረደውም በውድድሩ መሃል ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ራሴን እጠይቃለሁ። እኔ ብሆን ያን ማልያ ለብሼ ሜዳ እገባ ነበር? አላውቅም። ቤተሰቤ ያለበት ከተማ እየተቃጠለ ኳሷን ወደ ጥግ ለመላክ እጄ የሚታዘዘኝ አይመስለኝም። የሷን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ባርሴሎና ላይ ማቆም ይወዳሉ። ለኔ ትልቁ ሱሲ ያለችው ሆንግ ኮንግ ነው፤ ያለ ዋንጫ፣ ያለ እንባ።

በዚያው ዓመት ጨዋታ አቆመች። ከአላን ጋር ቀደም ሲል በ1997 ተጋብተዋል። በኋላ አብረው አስቴክ የሚባል የስፖርት ዕቃ ድርጅት አቋቋሙ፤ ራኬት ያስመርታሉ። ከ2016 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ደግሞ በአገሪቱ የባድሚንተን ማኅበር ውስጥ የቡድኖቹን ዝግጅት መርታለች። ጥላ አልሄደችም።

በ2018 የእስያ ጨዋታዎች ጃካርታ ላይ ሲከፈቱ ችቦውን የለኮሰችው ሱሲ ናት። ያንን ሳይ ደስ አለኝ፤ ይገባታል። «አየህ፣ በመጨረሻ ሁሉም ተስተካከለ» የሚሉኝ ሰዎች ግን አሉ። አልስማማም። ያ ምሽት ለሱሲ የተሰጠ ክብር ነው። ስሙ ያልታወቀውን፣ ራኬት ያልያዘውን፣ በየመስኮቱ ወረቀት ሲጠየቅ የኖረውን ባለሱቅ አይክሰውም። አሸናፊ መሆን ሳያስፈልገው ዜጋ መሆን ነበረበት።

ብዙ ጻፍኩ መሰል። አንድ ያላየሁት ጨዋታ አለ፤ ነገ ማታ እሱን ነው የምከፍተው። የ1994ቱ የኡበር ካፕ ፍጻሜ፣ ጃካርታ፣ ከቻይና ጋር። ኢንዶኔዥያ ይህን ዋንጫ ከ1975 ወዲህ አላገኘችም ነበር። ሱሲ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ቻይናዊቷን ዬ ዣኦዪንግን አሸንፋ ከፈተች። ከዚያ ነገሩ 2 ለ 2 ሆነና የመጨረሻው ግጥሚያ ሚያ አውዲና ትከሻ ላይ ወደቀ። ሚያ ያኔ 14 ዓመቷ ነው፤ ሱሲ ከቤቷ በወጣችበት ዕድሜ። ዣንግ ኒንግን አሸነፈቻት። እንዳሸነፈች አውቃለሁ፤ ማየት የምፈልገው ሌላ ነው። ካሜራው ወደ ዳር ዞር ካለ፣ ያቺ ልጅ የመጨረሻዋን ነጥብ ስታገኝ ሱሲ ምን እንዳደረገች አያለሁ።