60 ዲግሪው የት ገባ? የሲኖዬ የጭስ ሙቀት ጌጅ

ሲኖ የጭነት መኪናዬ ላይ የጭስ ሙቀት ጌጅ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ፣ ከገጠምኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሴንሰሩን ከቱርቦው (በጭሱ ተሽከርክሮ ወደ ሞተሩ አየር ከሚገፋው) በፊት ነው የተከልኩት፤ ጫፉ የቧንቧው መሀል ይደርሳል። ከቱርቦው በኋላ መትከል ይቀላል። ግን ጭሱ ቱርቦውን ሲያሽከረክር ሙቀቱን ስለሚያጣ፣ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ አሳንሶ ሊያሳያችሁ ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሲሞቅ ቁጥሩ ወደ ታች ወረደ። ቀዩን ሽቦ እንደ ባትሪ አስቤ ፖዘቲቭ ላይ አስሬው ነበር። የእኔ ሴንሰር ኬ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአሜሪካኖቹ የቀለም አሠራር ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው። አቀያየርኩት፣ ቁጥሩም መውጣት ጀመረ።

ከዚያ ማዳበሪያ ጭኜ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስይዝ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ጌጁ ግን 640 ላይ ነው። እኔ ለራሴ ያስቀመጥኩት ወሰን 700 ስለሆነ መርገጤን ቀጠልኩ። ልቤ ግን አልተቀበለውም።

አዲስ አበባ ስመለስ ሴንሰሩን ፈትቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 91 አነበበ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ጌጅ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። እኔም ጌጁ ጤነኛ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጀክተርና ፖምፓ ስጠረጥር ከረምኩ።

መልሱን ያገኘሁት አንድ ኤሌትሪሺያን ጓደኛዬ «ውሃው ውስጥ ስትከተው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። አዎ፣ ቀዝቅዞ ነበር። ሞተሩን በደንብ አሙቀን፣ አጥፍተን፣ በወፍራም ጓንት ሴንሰሩን ፈትተን ያንኑ የፈላ ውሃ ሞከርን። 47!

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሴንሰር የጫፉን ሙቀት ብቻውን አይለካም። የሚለካው በጫፉና ሁለቱ ልዩ ሽቦዎች በሚያልቁበት ቦታ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። ለ1 ዲግሪ ልዩነት ወደ 41 ማይክሮቮልት ይሰጣል። ጌጁ ደግሞ ሽቦዎቹ እሱ ጋ የሚያልቁ መስሎት የራሱን ሙቀት ይደምርበታል። የእኔ ሽቦ ግን አጥሮኝ ሞተሩ አጠገብ በተራ የመዳብ ሽቦ ቀጥዬው ነበር። በረሃ ላይ መቀጠያው 90 ዲግሪ፣ ጋቢናው ውስጥ ያለው ጌጅ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ መሀል ላይ ያለው 60 ዲግሪ ጠፋ ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግን ሁለቱም እኩል ስለሚሆኑ ስህተቱ አይታይም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ፈተና ያታለለኝ።

መዳቡን አውጥቼ የኬ ዓይነት ማራዘሚያ ሽቦ እስከ ጌጁ ድረስ ዘረጋሁ። ማራዘሚያውን ስታስሩም ቀለሙን ተጠንቀቁ፤ በሁለቱም ጫፍ ከተገለበጠ ቁጥሩ ትክክል እየመሰለ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል።

በሚቀጥለው ጉዞ፣ ያው ጭነት፣ ያው ዳገት፦ 702። ደነገጥኩ፣ ወዲያው ማርሽ ቀንሼ እግሬን አላላሁ። ደጀን ስደርስ ጋቢናውን ገልብጬ የአየር መስመሩን በእጄ ዳሰስኩ። ከኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የገፋውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ዙሪያውን ዘይት ነክቶታል። አየሩ እዚያ ጋ እየሾለከ ናፍጣው የሚበቃውን አየር አያገኝም ነበር። ጥቁሩ ጭስና የጉልበት ማጣቱ ከዚያ ነው የመጣው።

ማሰሪያውን ቀይሬ ባለፈው ሳምንት ዳገቱን ስወጣ 630 አካባቢ ቆየ፣ ጭሱም ጠራ። አሁን ቀደም ብዬ ማርሽ ብቀንስ ስንት እንደሚወርድ እየመዘገብኩ ነው። ታርማበር ላይ የለካ ካለ ጭነቱንና ማርሹን ጨምሮ ቁጥሩን ያካፍለኝ።