የወንዙ የበጋ ውሃ

በጅማ ሆኖ ስለ ወንዝ መሳሳት መጻፍ ለሌላ አካባቢ ሰው ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ከተማችን በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በልጉና ክረምቱ ተያይዘው ስለሚዘንቡም ጃንጥላ ለወራት ከእጅ አይጠፋም። ነገር ግን በክረምት የማይሞላ ወንዝ የለም። የወንዝ ጤንነት የሚታወቀው በጥርና በየካቲት፣ ሰማዩ ምንም ሳይሰጠው ከመሬት ውስጥ በሚወጣው ውሃ ብቻ ሲፈስ ነው።

ሰሞኑን ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የአዌቱን ወንዝ በድልድዩ ላይ ቆሜ ሳየው ብርቱ ዝናብ ካባራ ብዙም አልቆየም ነበር። ውሃው ቀይ ጭቃ መስሎ፣ ባዶ ሃይላንዶችንና የጫት ገረባ እያንከባለለ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ አቅጣጫ ይጋልባል። በማግስቱ ስመለስ አብዛኛው አልፎ፣ በዳርና በዳሩ ያለው ሣር በጭቃ ተለስኖ ተኝቷል። እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣና ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ መሬት ውስጥ ሳይገባ በላይ በላዩ የወረደ ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ምክንያቱን ለማየት ከከተማ ብዙ መራቅ አያሻም። ከጥላ ዛፍ ሥር ባለ የቡና ማሳ ውስጥ፣ ዋንዛውና ብሳናው ለዓመታት ያረገፉት ቅጠል በስብሶ አፈሩን ስላለሰለሰው ጣት ያለ ችግር ይገባበታል፤ የዘነበውም ዝናብ በቅጠሉ ተመትቶ ጉልበቱ ከበረደ በኋላ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። አጠገቡ ባለው ተዳፋት የበቆሎ እርሻ ላይ ግን፣ ጠብታው ባዶውን አፈር እየደበደበ ገጹን ስለሚያደድረው ውሃው የሚገባበት አጥቶ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ ማሳዎች የሚያገኙት ዝናብ አንድ ነው። ስለዚህ «ዝናቡ ከዳን» የሚለውን አባባል ስሰማ ሰማዩን ለመክሰስ የቸኮልን ይመስለኛል።

ሰማዩ ግን ፈጽሞ ነጻ አይደለም። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህም የተነሳ ዝናቡ ሲመጣ በኃይል የመውረድ ዕድሉ ይሰፋል፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ትነቱ ይበረታል። ይህ ዶፍ የሚያርፈው በተራቆተ ኮረብታ ላይ ሲሆን ሁለቱ ጥፋቶች ይደራረባሉ። የዓመቱ ጠቅላላ ውሃ ብዙም ሳይቀንስ የክረምቱ ደራሽ ሊከፋ፣ የበጋው ደግሞ ሊሳሳ የሚችለውም በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጨፌው ነው። በጅማ አጠገብ እንዳለው ቦዬ ያለ ረግረግ የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ በቀስታ የሚለቅ፣ ደለሉንም የሚያስቀር ነው፤ የቦዬን ጉማሬዎች እንጂ ይህን ሥራውን የሚያነሳለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በየጨፌው ዳርቻ ቦይ ይቀደዳል፣ ለጡብ የሚሆን አፈር ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባሕር ዛፍ የሚተክለውን ገበሬ ለመውቀስ አልደፍርም፤ አጣናው ተሽጦ የልጆች ደብተር ይገዛል፣ ቤትም ይሠራል። ኮረብታው ላይ ቢተክለው ያን ያህል ባልተከራከርኩ ነበር፤ ምንጭ ራስ ላይና ጨፌ ውስጥ ሲሆን ግን ሥሩ የሚጠጣው ያንኑ የበጋ ውሃ ነው።

በዚህ ጉዳይ ውይይት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ግድቡ ይዞራል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋዋቱ የግልገል ጊቤ አንድ የኃይል ማመንጫ ግድብ ከዚሁ ተፋሰስ ስለሚጠጣ፣ ከእሱ የሚወጣውም ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ጊቤ ሁለት ማመንጫ ስለሚሄድ፣ የደለሉ ነገር ማሳሰቡ ተገቢ ነው። ሆኖም ግድቡ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለበጋ ማቆየት ይችላል። ከላይ በየቀበሌው ከምንጭ የሚቀዱት እናቶች ግን ማጠራቀሚያቸው ያው ጫካውና ጨፌው ነበር፤ እሱ ሲሄድ በየካቲት ጄሪካናቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ምንጭ ይወርዳሉ።