የእናቴ ደም አልበዛም

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ነርሷ የእናቴን የደም ግፊት ሁለት ጊዜ ለክታ 172 በ98 ብላ ስትጽፍ፣ እናቴ ከተነገራት ሁሉ ይዛ የተመለሰችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ደም ብዛት። ደሟ በዛ ማለት ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ቀይ ሥር ከቤታችን ጠፋ፤ ሥጋም ቀረ። ልትታገም ዋግምት የሚያውቁ ሰው አፈላልጋም ነበር። ቡናዋ ላይ የምትነሰንሰውን ጨው ግን ማንም አልነካባትም፤ ጨው ደም አይደለምና።

እርሷን አልወቅስም፤ ያሳሳታት ስሙ ነው።

ነገሩ የገባት በውኃ ነው። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ አንድ ሌሊት በርሜል ስንሞላ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ውኃው እስከ አጥሩ ተወረወረ።

«እማዬ፣ ውኃው በዛ?»

«ኧረ አልበዛም፤ አፉ ጠበበ እንጂ።»

«ያንቺም ደም እንደዚሁ ነው።»

ደም ሥሮች ሲጠቡና ሲደድሩ ልብ ያንኑ ደም ለመግፋት የበለጠ ጉልበት ታወጣለች። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትመታ ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ያለው። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ረጅም የመስታወት ቱቦ ፈረስ ደም ሥር ውስጥ ቢያስገባ ደሙ ከ2 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። ይህን ስነግራት እናቴ ለፈረሷ አዘነች።

ስሙ ፈጽሞ ውሸት ነው ግን አልልም። ጨው ውኃ ይይዛል፤ በደም ሥር የሚዞረው ፈሳሽም ይጨምራል። ከታዘዙላት ክኒኖች አንዱ ሽንት የሚያበዛው ለዚህ ነው። ቀይ ሥሩን ያለ ጥፋቱ ከሰስነው እንጂ ተጠያቂው ሲኒው ውስጥ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። በእኛ ቤት በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ ደግሞ ይጨመራል፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሁሉም በጨው። ለወሎ ሰው የቡናን ጨው መተው ቀላል አይደለም። ብዙ ቀን ሲኒዋን ቀምሳ አስቀመጠችው። አሁን ጤና አዳም ትነክርበታለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች ወደ 21,000 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በግማሾቹ መንደሮች ከጨዉ ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ በተባለ ሌላ የጨው ዓይነት ተተካ፤ አምስት ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የጨው ዕቃ ውስጥ ያለውን በመቀየር ብቻ! ያነበብኩ ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገር ግን እናቴ የምትወስደው የግፊት ክኒን፣ ኢናላፕሪል፣ ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ስለሚያቆይ ሐኪሟን ሳልጠይቅ አልሞክረውም። እንዲህ ያለው ጨው ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም አደገኛ ነው።

ያስለቀሰችኝ በክኒኑ ነው። ሦስት ወር ከዋጠች በኋላ «ተሽሎኛል፣ ራሴንም አያመኝም» ብላ ሳትነግረኝ አቆመች። ስለካት 168 በ96 ነበር። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። የተሻላት ክኒኑ ስለያዘላት ነበር።

አሁን ጠዋት ቡና ሳይፈላ አምስት ደቂቃ ጀርባዋን ደግፋ ትቀመጣለች፤ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ፣ በልቧ ትክክል ታሳርፋለች፤ ሁለት ጊዜ ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ትናንት 134 በ82 ነበር።

ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ይህን አዩና «እስቲ የእኔንም» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። 164 በ100። «እኔን እኮ ምንም አያመኝም» አሉ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ነገ ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ እንዲመጡና እንደገና እንድንለካ ተቀጣጥረናል፤ እንደዚያው ከሆነ ጤና ጣቢያ አብሬአቸው እሄዳለሁ።