ካትዎክ የተለማመድኩበት መንገድ፦ ከዳሌ በፊት ጉልበት

የጀርመን የካትዎክ (ሞዴሎች በመድረክ ላይ የሚራመዱት አረማመድ) ስልጠና ቪዲዮ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ዳሌ ነው። አይፈረድበትም። ከ2006 ጀምሮ ፕሮዚበን በተባለው የጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያ በሚተላለፈው የጀርመናዊቷ ሞዴል ሃይዲ ክሉም የሞዴሎች ውድድር ያሰለጠኑት ብሩስ ዳርኔልና ራሱ ረጅም ታኮ ተጫምቶ የሚያሳየው የኩባ ተወላጅ ሆርሄ ጎንዛሌዝ ትርኢት ያውቁበታል። እኔ ውድድሩን መከታተል የጀመርኩት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ሣራ ኑሩ በ2009 ካሸነፈች በኋላ ነው። የተማርኩት ግን ድምፁን አጥፍቼ ጉልበት ጉልበቱን ብቻ ሳይ ነው። እግር በአንድ መስመር ላይ ካረፈ ዳሌ በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ሆን ብለው ሲያወዛውዙት ትከሻም አብሮ ይዞራል።

በ5 ሴንቲሜትር ታኮ ጀምሬ፣ 7 ላይ ቆይቼ ወደ 10 ወጣሁ። ታኮ ሲረዝም ክብደት ወደ እግር ጣቶች ስለሚገፋ ሰው ሳያውቀው ጉልበቱን አጥፎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ከጎን ሲታይ ተመልካችን የሚያስቀው ያ የዶሮ አረማመድ ከዚህ ይመጣል። መድኃኒቱ እርምጃን ማሳጠር ነው፦ ከፊት በሚያርፈው ተረከዝና በኋለኛው እግር ጣት መካከል ከአንድ ጫማ ርዝመት በላይ ክፍተት አይኑር። ተረከዝ ቀድሞ ይነካል፣ የፊት መዳፍ (ከጣቶች ሥር ያለው የውስጥ እግር ክፍል) ወዲያው ይከተላል፤ 10 ሴንቲሜትር ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ያረፉ ይመስላል። ክብደት ሲያርፍበት ጉልበት ይቀናል፣ ወደ ኋላ ግን አይቆለፍም። እንዲህም ሆኖ አልቀና ካለ ባት ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳ ተደግፎ እያንዳንዱን ባት ለ30 ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ማሳሳብ፣ ታኮውንም 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ማድረግ ነው።

ወለሉ ላይ 6 ሜትር ፕላስተር ለጠፍኩ። እግር በውስጥ ጠርዙ ፕላስተሩን እየነካ ያርፋል፤ ተሻግሮ ካረፈ የኋላው እግር ይጠለፋል። ወንዶች ግን መስመሩን በሁለት እግራቸው መካከል ይይዙታል። ሜትሮኖሙን (እኩል ምት የሚመታውን መሣሪያ) በደቂቃ 100 ምት ጀምሬ 120 አደረስኩት፣ ማለትም በሴኮንድ ሁለት እርምጃ። ጀርመን አፓርታማ ውስጥ ለሚለማመድ ደግሞ፦ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ጸጥታ ነው፣ እሁድም ቀኑን ሙሉ። የታኮ ኳኳታ ከላሚኔት ወለል ወደ ታች ቤት ስለሚወርድ ታኮው ጫፍ ላይ ጎማ ማስገጠም ያስፈልጋል።

ስልኩን በወገብ ከፍታ፣ ከመስመሩ ጫፍ 2 ሜትር አርቄ አቆምኩት። መሬት ላይ ከተቀመጠ እግርን ያስረዝምና ስህተቱን ይደብቃል። ከፊት የተቀረፀው የትከሻ መዞርንና የእግር መሻገርን ያሳያል፤ የጉልበትና ወደ ፊት የወጣ አንገት ጉድ የሚታየው ከጎን ነው። ሁለቱንም ሳይቀርፁ ማረም ግምት ነው።

መዞሪያው ላይ ብዙው ሰው ይቸኩላል። ቆሞ፣ ክብደትን የኋላ እግር ላይ ጥሎ፣ ከ2 እስከ 3 ሴኮንድ መቆየት፤ ከዚያ ሁለቱም ታኮ ከወለሉ በጥቂቱ ተነስቶ በፊት መዳፍ መዞር። ትከሻና ዳሌ ይቀድማሉ፣ ዓይን ካሜራው ላይ ቆይቶ ጭንቅላት መጨረሻ ይዞራል። ታኮው ካልተነሳ ምንጣፍ ላይ ይያዝና ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል።

ጫማው ልክ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ለትርዒት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለሁሉም ሞዴል በአንድ ቁጥር ነው። ሲሰፋ ግማሽ ሶል ከፊት መዳፍ ሥር ይገባል። ከተረከዝ በኩል ማስገባት እግርን ከጫማው ከፍ አድርጎ ይባስ ያስወልቀዋል። አዲስ የቆዳ ሶል ያንሸራትታል፤ የራስ ጫማ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። የተዋሰ ጫማ ግን አይፋቅም፣ እንዲያውም ከመጋረጃው ጀርባ ሞዴሎችን የምታለብሰው አልባሽ ሶሉ እንዳይጫር ፕላስተር ትለጥፍበታለች፤ ያ ፕላስተር ደግሞ ከቆዳው ብሶ ያንሸራትታል። እንዲህ ያለ ጫማ ሲሰጠኝ ከመውጣቴ በፊት ከመጋረጃው ጀርባ ወለሉ ላይ እሞክረዋለሁ፤ ካንሸራተተ በለሰለሰው ፕላስቲክ ፋንታ ሸካራውን የጨርቅ ፕላስተር እንድትለጥፍልኝ እጠይቃለሁ።