መጠጥ የማይጥለው ወንድሜ

«እሱ እኮ ቢጠጣ ቢጠጣ አይሰክርም!» ተብሎ ሰው ሲደነቅ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሐዋሳ፣ ሞቢል አካባቢ ነው ያደግነው። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ትልቁን ጋሼ ነው የምለው። በወጣትነቱ ጓደኞቹ «ታንከር» ይሉት ነበር። ሌሎቹ ምላሳቸው ሲተሳሰር እሱ ገና መጀመሩ ነው። የሰከሩትን ባጃጅ ላይ ጭኖ ቤት ለቤት የሚያደርሰውም እሱ ነበር። እናቶች እንኳ «ከእሱ ጋር ከሆነ ግድ የለም» ይሉ ነበር። ታናሹ ደግሞ ሁለተኛ ቢራውን ሳይጨርስ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ሁሌም ይሳቅበት ነበር።

ዛሬ ሱስ የያዘው ጋሼን ነው። ታናሹ ለዓመት በዓል አንድ ብርጭቆ ጠላ ይበቃዋል። ሰዉ «ትንሹ ራሱን ገዛ፣ ትልቁ አቃተው» ይላል። እኔ ይሄን አልቀበልም።

ማርክ ሹኪት የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ዕድሜያቸው 20 ገደማ የሆኑ ወጣቶችን አልኮል እያጠጣ ምን ያህል እንደሚሰማቸው መዘገበ። ከዓመታት በኋላ ፈልጎ አገኛቸውና በ1994 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አሳተመ። ይበልጥ ሱስ ውስጥ የገቡት ያኔ መጠጡ ብዙም ያልተሰማቸው ነበሩ። ሳስበው አይገርመኝም። ሰውነቱ «ይብቃህ» የማይለው ሰው ይደግማል። ሲደጋግም አንጎሉ ይለምዳል፣ ከለመደ በኋላ ያለ መጠጥ መረጋጋት ያቅተዋል። ታናሹን የጠበቀው ያ የተሳቀበት ማስመለስ ነው።

ይህ ነገር በዘርም ይወርዳል። በመንትዮችና በማደጎ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለአልኮል ሱስ ከመጋለጥ ግማሽ ያህሉ የዘር ውርስ ነው። አባታችንም አረቄውን ጠጥቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር። ከአንድ አባት ቢወለዱም ግን አንዱ ቁመቱን፣ ሌላው መልኩን እንደሚወስድ ሁሉ ይሄንንም እኩል አይካፈሉትም።

ሌላው ግማሽ ኑሮ ነው። አባታችን ማታ ገብቶ እማዬ ላይ እጁን ሲያነሳ መሀል የሚገባው ጋሼ ነበር። ታናሹ ያኔ ሕፃን ነው፣ ብዙውን አላየም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት በልጅነቱ ድብደባና የቤት ውስጥ ጠብ የመሳሰሉ መከራዎች የተደራረቡበት ሰው በመጠጥም በዕፅም ሱስ የመያዝ ዕድሉ በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጋሼ የጀመረውም ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ውሳኔን የሚገዛው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየበሰለ ነው የሚቆየው። ከዚያ ጫትም መጣ። በለጬ ከወንዶ ገነት ትኩሱን ይገባል። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። አንዱ ሌላውን ይጠራል።

ባለፈው ሠርግ ላይ የጋሼን ልጅ፣ ገና 17 ዓመቱ ነው፣ «የአባቱ ልጅ! አይሰክርም!» ብለው አጨበጨቡለት። በማግስቱ ፍቅር ሐይቅ ይዤው ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት።

«አክስቴ፣ ታዲያ እኔም እንደ አባዬ መሆኔ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ግን ጓደኞችህ የሚሞክሩትን ሁሉ አንተ መሞከር የለብህም። ያንተ ሰውነት ቶሎ አያስጠነቅቅህም» አልኩት። ብዙ ጠየቀኝ። የማውቀውን መለስኩለት፣ የቀረውን አባቱን እንዲጠይቅ ነገርኩት።

ጋሼ አሁን በሐኪም ክትትል ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ካለ አደራ፣ «ዛሬውኑ ተው» ብላችሁ በር አትዝጉበት። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊጥለው ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። መድኃኒት አለው።